የጉዳተኛ ባለቤት ግብር

ግብር ለምን እንደሚከፈል ለማንም የተሰወረ አይደለም። መንገድ የሚጠገነው፤ ጥራጊ የሚነሣው፤ ሌሊት መብራት የሚበራው፤ ደካማም የሚጦረው ከሕዝብ በሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ግብር ትክክለኛ የሚባለው በጊዜው ተሰብስቦ ስለ ገባ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ይቀነስለት ያለው ሰው በእውነት የተቀነሰለት እንደ ሆነ ነው እንጂ።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር ካውንስል ታክስ የሚባለው የማዘጋጃ ቤት ግብር ነው። በዚያ አገር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም.፤ በየሰው ራስ የሚከፈል ግብር ተጀምሮ ነበር። ይህም ሀብታሙንና ድኻውን በአንድ ልክ የሚያስከፍል ስለ ሆነ ሕዝቡን እጅግ አስቈጣው፤ በለንደን ከተማ በትራፋልጋር አደባባይም ብርቱ ሁከት ተነሣ። ከዚያ በኋላ በ1992 ሌላ ሕግ ወጣ፤ በ1993ም የዛሬው ግብር በፊተኛው ፈንታ ተተካ። በእንግሊዝ ያለው መኖሪያ ቤት ሁሉ በ1991 ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ እየተገመተ፤ ከኤ እስከ ኤች በ8 ደረጃ ተመድቧል።

ሕጉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ነው። ቤቱ የራሱ ሆኖ በውስጡ የሚኖር ባለቤት ካለ፤ ባለዕዳው እርሱ ነው። ወንድሙ ወይም እኅቱ፤ ዐዋቂ ልጁ ወይም የእኅቱ ልጅ አብረውት ቢቀመጡ፤ ለወጪውም ገንዘብ ቢያዋጡ፤ የግብሩ ወረቀት የሚጻፈው በባለቤቱ ስም ነው። በአንድነት ባለዕዳዎች የሚሆኑት አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት፤ እንዲሁም ቤቱ የጋራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ ጉዳተኛ መሆኑ ብቻውን ከዕዳው አያወጣውም። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ሰው ቢበዛም ሸክሙ በሕግ የአንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሸክሙን የሚያቀልባቸው መንገዶች አሉት። ሙሉው ግብር የሚቈረጠው በቤቱ ሁለት ዐዋቂዎች እንዳሉ ታስቦ ነው። የሚቈጠረው ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ከመቶ 25፤ የሚቈጠር ሰው ፈጽሞ ሲጠፋ ከመቶ 50 ይቀነሳል። ከማይቈጠሩትም ሰዎች አንደኛው፤ አእምሮው በጽኑ መጐዳቱን ሐኪም የመሰከረለትና ለዚሁ የተወሰነ የመንግሥት ድጎማ የሚገባው ሰው ነው። ሁለተኛው፤ የተወሰነ ድጎማ የሚገባውን ጉዳተኛ በዚያው ቤት እየኖረ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ነው።

ከዚህም ሌላ፤ ቤቱ ለጉዳተኛው ኑሮ የሚያስፈልገው ልዩ ክፍል፤ ወይም ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ወይም ወጥ ቤት፤ ወይም በውስጥ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ ስፍራ ያለው እንደ ሆነ፤ ግብሩ ከደረጃው አንድ ዝቅ ብሎ ይታሰባል። ለዚህ ቅናሽ ጉዳተኛው ራሱ ባለዕዳ መሆን አያስፈልገውም፤ ልጅም ቢሆን፤ ዐዋቂም ቢሆን፤ በዚያ ቤት መኖሩ ይበቃል።

ነገሩ እንዲገለጽ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት ባለቤት፤ የእኅቷ ልጅ አብራት እየኖረች የምታስታምማት ብትሆን፤ የቤቷም ደረጃ ዲ፤ ግብሯም በዓመት 1,800 ፓውንድ ነው እንበል። ስለ ወንበሩ ስፍራ ወደ ሲ ደረጃ ሲወርድላት 1,600 ይሆናል። አስታማሚዪቱ ከቍጥር ስትወጣ፤ ከዚህ ላይ ከመቶ 25 ተቀንሶ 1,200 ይቀራል። ነገር ግን ሁለቱም ቅናሾች በማመልከቻ የሚገኙ ናቸው። ይህች ሴት ሕጉን ሳታውቅ ዝም ብትል፤ በዓመት 600 ፓውንድ ያለ ዕዳዋ ትከፍላለች ማለት ነው።

እንግዲህ የሕጉ ጕድለት በሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው፤ ማመልከት በማይችለው ሰው ላይ ማመልከትን ማዘዙ ነው። አእምሮው የደከመ፤ ዓይኑ የታወረ፤ ከአልጋ የማይነሣ ሰው፤ ከሁሉ ይልቅ ቅናሹ የሚያስፈልገው እርሱ ሲሆን፤ ወረቀቱን ለመፈለግ ከሁሉ ያነሰ ኀይል ያለውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው፤ የዘመድን ድካም በትክክል አለመመዘኑ ነው። አእምሮው በጽኑ የተጐዳ ሰው በቤቱ ብቻውን ቢኖር ፈጽሞ ግብር አይከፍልም። አስታማሚ ዘመዱ መጥቶ አብሮት ቢቀመጥ ግማሹን ይከፍላል፤ ከሚቈጠሩት ወገን የሆኑ ሁለት ዘመዶች ቢገቡ ደግሞ በሰው ቍጥር የሚገኘው ቅናሽ ሁሉ ይቀራል። ሚስት ባሏን፤ ባልም ሚስቱን ሌሊትና ቀን ቢያስታምሙ፤ በዚህ ሕግ ከአስታማሚ አይቈጠሩም። ዘመድ ተሰብስቦ ደካማውን ሲጦር፤ የሚድነው የመንግሥትም ወጪ ነውና፤ ለዚህ ቤተ ሰብ ቅናሹ ሊሰፋ ይገባል እንጂ ሊጠብ አይገባም።

ስለዚህ በማናቸውም አገር የግብር መዝገብ የያዘ ሹም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዕዳውን ለመጠየቅ የባለቤቱን ደጅ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት፤ ቅናሹን ለመንገርም ያንኑ ደጅ ያውቃል። የጉዳተኛ ድጎማ የሚከፍለውና ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት፤ የባለጉዳዩን ፈቃድ ጠይቀው ቢነጋገሩ፤ ብዙ ደካሞች ከመመላለስ ይድናሉ።

ካህናትም ድውያንን ሲጐበኙ ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ ቤት ውስጥ የሚገቡ ስለ ሆኑ፤ የሚሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም። በተለይም በእንግሊዝ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንን የሚያጽናኑ አባቶች፤ በቤቱ የታመመ ባለቤት ሲያገኙ ቅናሹን ጠይቆ እንደ ሆነ ቢመረምሩ፤ ቋንቋ ለቸገረውም ጸሐፊ ቢፈልጉለት፤ ከምጽዋት የማያንስ በጎ አድራጎት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቢከለክለው በጽሕፈት መቃወም ይችላል፤ መልሱ ባያጠግበው፤ ወይም ሁለት ወር ጠብቆ መልስ ቢያጣ፤ ለግምት ጉዳይ ለተሠየመው ዳኝነት ይግባኝ ማለት ይፈቀድለታል። ስላለፈው ጊዜም ይገባው የነበረው እንዲታሰብለት መጠየቅን አይርሳ።

ምሕረት በሕግ መጻፉ መልካም ነው፤ ፍጻሜው ግን ለተጻፈለት ሰው መድረሱ ነው። ሹሙ ዕዳን ለመሰብሰብ የሚተጋውን ያህል ቅናሽን ለማድረስ ቢተጋ፤ ሕዝቡ ግብሩን የሚከፍለው በፍርሃት ሳይሆን በፍቅር ይሆናል።