ሐረር እንግዳ መቀበል ታውቃለች፤ ጎረቤትስ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሐረርን የቅርብ ጊዜ ስም ግን ያወጣው መልአክ ሳይሆን ዩኔስኮ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. የ2002–2003ን «የሰላም ከተሞች» ሽልማት ከሰጣት ወዲህ «የሰላም፣ የፍቅርና የመቻቻል ከተማ» የሚለው መጠሪያ እንደ አባት ስም ተጣብቆባት ቀርቷል። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደግሞ ማኅተም ተመታበት። ባነር ላይ አለ፣ የስብሰባ መክፈቻ ላይ አለ፣ የአስጎብኚው አፍ ላይ አለ። እኛ የሐረር ልጆችም አዲስ አበባ ስንሄድ «ከየት ናችሁ?» ሲሉን «ከሐረር» ብለን የጠያቂው ፊት ሲፈካ ደስ ይለናል። «አቦ! የሐረር ሰው እኮ ፍቅር ነው!» እንባላለን። ማን ይጠላል?

ግን እስቲ ለአንድ አፍታ ጭብጨባውን ገታ እናድርግና እንጠይቅ፦ ይህ ስም ይገባናል ወይ? መልሳችንን ሳንደብቅ እንናገር። ግማሹ ይገባናል። ሌላው ግማሽ ግን ያልሠራነውን ሥራ ደመወዝ መብላት ነው።

ለእውነተኛው ግማሽ በመጀመሪያ ዋጋውን እንስጠው። በሐረር አማርኛ «አንቱ» ብዙም ቦታ የለውም። ሽማግሌውም ባለሱቁም «አንተ» ነው፤ ሌላ አገር ድፍረት የሚባለው እዚህ ቅርበት ነው። አንድ የሰፈር ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ቤቱ በሐረሪኛ አውርቶ፣ ገበያ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ መንገድ ላይ በአማርኛ ቀልዶ፣ ሱቅ ገብቶ በሶማሊኛ ሊሳሳቅ ይችላል። ይህን እንደ እውቀት አይቆጥረውም፤ ሌላ አኗኗር አያውቅምና። የአፎቻው ሰው የእድርተኛውን ለቅሶ ይደርሳል፣ እድርተኛው የአፎቻውን። ሆጃ በተፈላበት ደጅ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወቀሳ አይቀርለትም። ዒድ ሲሆን ሳህን ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ፋሲካ ሲሆን ይመለሳል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ይህን የሠራው ሰፈሩ ነው። ማንም በዕቅድና በበጀት አላቋቋመውም። ሽልማቱ ሲመጣ ግን ዋንጫውን የተቀበለው ቢሮው ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም የሰፈሩን ሥራ በራሱ ስም ሲሸጠው ይኖራል። ጠባችን ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሽያጭ ታሪክ ላይ ነው። «ሐረር ከጥንት ጀምሮ እጇን ዘርግታ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት» ይሉናል። ታሪኩ እንዲህ አይልም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ ያቆሙት እንግዳ ናፍቋቸው አይደለም። አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገባ ከተማዋ ለአውሮፓውያን የተከለከለች በመሆኗ ነው ጉዞው ወሬ የሆነው። እርግጥ ለነጋዴውና ለሃይማኖት ተማሪው ክፍት ነበረች፤ የሐረር ገበያ ያለ ሰው አልቆመም። ግን እንግዳ ተቀባይነቷ በር ነበረው፣ በሩም ቁልፍ ነበረው። ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከበርተን ጉብኝት 20 ዓመት በኋላ የግብፅ ጦር ገባ፤ 10 ዓመት ተቀመጠ። እሱ ሲወጣ ብዙም ሳይቆይ በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ሆነና የምኒልክ ጦር ገባ።

ከዚያ የመጣው ደግሞ የእንግዳና የባለቤት ነገር የተገለበጠበት ዘመን ነው። ፈረስ መጋላ ላይ መስጊድ በነበረበት ቦታ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። በ1940 ዓ.ም. በኩሉብ እንቅስቃሴ ሰበብ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተወሰደ፤ ብዙዎቹም ከተማቸውን ጥለው ወጡ። ዛሬ «መቻቻል» ብለን የምንጠራው ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ጎረቤትና ጎረቤት ቀስ እያሉ የሠሩት ነው። በደማችን የመጣ አይደለም። በደም የመጣ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር፤ በእጅ የተሠራ ግን ካልጠበቁት ይፈርሳል።

ቃሉንም እንየው። «መቻል» ምንድን ነው? ሸክምን እንችላለን፣ ሕመምን እንችላለን፣ ክፉ አማትን እንችላለን። የምንወደውን ሰው «ቻልኩት» አንልም። «የመቻቻል ከተማ» ስንል እንግዲህ አንዱ ሌላውን የተሸከመባት፣ ሁሉም ጥርሱን ነክሶ የቆመባት ከተማ ማለታችን ነው። እንዲያውም ቃሉ ሳይታወቀን እውነቱን አውጥቶታል ብንል አናጋንንም።

የመቻቻላችን ዋና ምሳሌ ጅቡ ነው። ከግንቡ ሥር ለዋራባ የተተወ ቀዳዳ አለ፣ ለአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፣ በየማታው ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይጎርሳል። ቱሪስቱም ፎቶ ያነሳል። ድንቅ ነገር ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። ግን ከጅቡ ጋር ያለን ነገር ወዳጅነት ሳይሆን ውል ነው፦ ማታ ግባ፣ የተጣለውን ብላ፣ ሳይነጋ ውጣ። ለጅብ ይህ ውል ይበቃዋል። ለሰው ግን አይበቃም። ችግሩ ከሰውም ጋር ብዙ ጊዜ የምንዋዋለው ይህንኑ መሆኑ ነው።

ማስረጃ? ጠዋት ሸዋ በር ቁሙ። ከገጠር እንጨት ተሸክማ የመጣችውን የኦሮሞ ሴት እዩ። ዋጋዋን በግማሽ የሚቆርጣት፣ «ወዲያ ሂጂ፣ መንገድ አትዝጊ» የሚላት፣ ከሰዓት በኋላ በባርጫው ላይ ስለ ሐረር ፍቅር የሚተርከው ያው ሰው ነው። ፈረንጁን ግን «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያልን እስከ ሆቴሉ እንሸኘዋለን። ለፈረንሳዊው ባለቅኔ ለራምቦ ሙዚየም አለን፤ «የራምቦ ቤት» ይባላል። ቤቱ ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ላልኖረበት እንግዳ ቤት ሰጥተናል። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀውን ጎረቤታችንን ግን ዛሬም «አገርህ የት ነው?» እንለዋለን።

ይህ ጥያቄ የሚያስከፋው ደግሞ አንዱን ወገን ብቻ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ በክልሉ 183,415 ሰው ቆጥሯል። 56 ከመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ ወደ 23 ከመቶው አማራ፣ ወደ 9 ከመቶው ሐረሪ፣ ከ4 ከመቶ በላዩ ጉራጌ፤ ከዚያ ሶማሌው፣ ትግሬው፣ አርጎባው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ የተለዩ ናቸው። ሐረሪው «ከተማዬን አንዴ ተቀምቻለሁ፣ ሁለተኛ አልቀማም» ይላል፤ ኩሉብን ያስታወሰ ሰው ይህን ስጋት ተራ ነገር ሊለው አይችልም። ኦሮሞው «በቁጥር አብላጫ ሆኜ፣ መሬቱም ዙሪያውን የኔ ሆኖ፣ እንደ ገበያተኛ ታየሁ» ይላል፤ እሱም ምክንያት አለው። አማራውና ጉራጌው «ለግብር ነዋሪ፣ ለወንበር እንግዳ ነን» ይላሉ፤ እነሱም ከሜዳ አልተነሱም።

እንግዲህ ተመልከቱ፦ ሁሉም በልቡ ጋባዥ ነው፤ ሁሉም በሌላው ዓይን እንግዳ ነው። በሮቹ እንኳ አንድ ስም የላቸውም። ሐረሪው አስመዲን በሪ ያለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር ነው፤ በድሪ በሪ ደግሞ ቡዳ በር። የሰውን በር «ቡዳ» ብሎ ጠርቶ ስለ እንግዳ አክባሪነት ማውራት እንዴት እንደሚያዛልቅ አናውቅም።

«እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» የሚሉት ለዚህ ነው። ለወርቁ ቀን ሐረር አቻ የላትም። የምትፈተነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እንግዳው አልሄድም፣ እኖራለሁ፣ ልጄንም እዚሁ አሳድጋለሁ ባለ ቀን።

ፈተናው መጥቶ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ውሃው ከሚመጣበት አካባቢ ጋር በተነሳ ውዝግብ ቧንቧው ለሳምንታት ደረቀ፤ ቆሻሻም የሚጣልበት ጠፍቶ በየመንገዱ ተከመረ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃችን ከሩቅና ከሌላ ሰው ደጅ እንደሚመጣ የረሳነው ያን ጊዜ ትዝ አለን። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በበዓሉ መሐል ግጭት ተነስቶ ሰው ተጎዳ፣ ንብረት ወደመ። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ የራስ መኮንን ሐውልት ከነፈረሱ ተገነደሰ። ለአንዱ የዓድዋ ጀግና፣ ለሌላው የወረረው ጦር አዛዥ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በዚያ አደባባይ ለአሥርተ ዓመታት አብረው ሲያልፉ ስለዚያ ፈረሰኛ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም። ለምን? «ተቻችለው» ነበራ!

እዚህ ላይ የምትመጣዋን መልስ እናውቃታለን። «ይህን ያደረጉት ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የሐረር ሰው አይደለም።» ወዳጆቻችን፣ ይህች መልስ ሁለት ጉድ አለባት። አንደኛ፣ መልካሙ ሁሉ የኛ፣ ክፉው ሁሉ የመጤ ከሆነ ይህ ሒሳብ ሳይሆን ማጭበርበር ነው። ሁለተኛ፣ «ከውጭ የመጣ» የምትለዋ ቃል ራሷ ክርክሩን ትዘጋዋለች። እንግዳ ወዳድ የምትባል ከተማ ጥፋት በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠረጥረው እንግዳን ከሆነ፣ እንግዳ ወዳድነቷ የቱ ላይ ነው?

ሌላዋ መልስ «ሌላው አገር ይብሳል» የምትለው ናት። ምናልባት ይብሳል። እኛ ግን የተሸለምነው ከከፋው ለመሻል አይደለም።

የባነሩ ሰዎች ስማችንን አታጥፉ ይሉን ይሆናል። ስሙን የሚያጠፋው ግን ጠያቂው አይደለም። ውሃ ጠፋ ያለ ነዋሪ፣ ሥራ ስፈልግ ብሔሬን ተጠየቅሁ ያለ ወጣት፣ ድምፄ የት ገባ ያለ መራጭ ሁሉ «የመቻቻል ከተማችንን ገጽታ አታበላሽ» ሲባል ሰምተናል። በዚህ ጊዜ ስሙ ክብር መሆኑ ቀርቶ የአፍ መሸበቢያ ሆኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ለቱሪስቱ ስንዋብ ጎረቤታችንን እያጣን ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ባነሩ ለጥቂት ዓመት ይውረድ። በቦታው ሦስት ነገር ይሠራ። የቀበሌው መስኮት ማንንም «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል ያስተናግድ። ሐውልቱ ስለወደቀበት ቦታ፣ ስለ ፈረስ መጋላ፣ ስለ ኩሉብ፣ ስለ ጨለንቆ ሁሉም ባለበት በግልጽ ይወራ፤ ተጣልተንም ቢሆን እናውራ። የውሃውና የቆሻሻው ነገር ደግሞ ውሃው ከሚፈልቅበት ገበሬ ጋር እንደ ጎረቤት ይታሰር፤ ሲጠማን ብቻ የምናስታውሰው ሰው አይሁን።

ሰፈሩ ይህን ከኛ በፊት ያውቀዋል። ውሃ በጠፋበት ሰሞን ሮቶ ያለው ሰው የጎረቤቱን ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ «ብሔርህ ምንድን ነው?» አላለም። ቢሮው ሽልማቱን ከሰፈሩ ከወሰደ ላይቀር፣ ትምህርቱንም ከዚያው ይውሰድ።