ቮልስ ከልጅ ልጅ ጋር

እኛ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለን ሰዎች ቮልስ ሲመጣ ሳናየው በድምፁ እንለየዋለን። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጆቻቸውን ከኋላ አስቀምጠው ሲወጡ ደስ ይለኛል፤ የነርስ ዓይኔ ግን አያርፍም።

ቮልስ ጠባዩ ለብቻው ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ነዳጁና የዕቃ ቦታው ከፊት። ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በብዙዎቹ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው እንኳ የስኮርታ ጎማው አየር ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመንገዳችን ያሉት ሁሉ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ እንደኛው ምርመራ ይፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ማሞቂያው። ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ቱቦው በዝገት ከተበሳ፣ በክረምት መስኮት ዘግተን ማሞቂያ ስንከፍት ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲጨስ ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስታወክ ሲመጣ «መኪና አይስማማውም» ብለን እናልፈዋለን። ልጁ ከወረደ በኋላ የሚሻለው ከሆነ፣ ወይም አብረውት ያሉትንም ራሳቸውን ካመማቸው፣ ጭሱን ጠርጥሩ። ወዲያው አቁሙ፤ ሁሉም ወርደው ንጹሕ አየር ያግኙ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መክደኛው ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወንበሩን አንሥታችሁ እዩ።

ሦስተኛ፣ ቀዩ የባትሪ መብራት እየሄዳችሁ ከበራ «ቤት ልድረስ» አትበሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም ቆሟል።

አራተኛ፣ ብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች ከኋላ ቀበቶ የላቸውም። ልጅን በጭን ማቀፍ ቀበቶን አይተካም፤ ግጭት ሲመጣ የማንም ክንድ አይችለውም። ባለሙያ አሠርቶ ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል። ከወንበሩ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ቦታ ልጆች ይወዷታል፤ ግን መቀመጫ አይደለችም።

ይህን ሁሉ ስል ሽጡት ማለቴ አይደለም። የአያት ቮልስ ለልጅ ትልቅ ትዝታ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ለሜካኒካችሁ «ማሞቂያውንና ጭስ ማውጫውን እይልኝ» በሉት።

መልካም ሰንበት!