የባሕር ወለል ምርምርና የእኛ ድርሻ

በቀይ ባሕር ወለል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሥፍራ፣ ከላዩ ካለው ውኃ ጋር በቀላሉ የማይደባለቅ፣ ጨው የከበደበት ትኩስ ውኃ ተኝቶ ይገኛል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ኦክስጅን የለውም፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ይኖሩበታል። ይህ ጎድጓዳ አትላንቲስ 2፣ ጎረቤቱ ደግሞ ዲስከቨሪ ይባላሉ። ሁለቱም ስሞች በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አካባቢውን ያጠኑ የአሜሪካና የእንግሊዝ መርከቦች ስሞች ናቸው።

በስሙ አንከራከርም። ሳይንስ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው፤ ያን ጥልቀት አንድ አገር ብቻውን ሊመረምረው አይችልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ በመርከቡ ላይ የሚሳፈረው ማን ነው?

ጥያቄው ተራ አለመሆኑን የ1977 ጉዞ ያስረዳል። በዚያ ዓመት አልቪን የተባለችው ጠላቂ ጀልባ በጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ወርዳ ትኩስ ምንጮችን አገኘች። በዙሪያቸው የፀሐይ ብርሃን ሳይደርሰው፣ ከምድር በሚወጣ ኬሚካል በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ የቆመ ሕይወት ሞልቶ ተገኘ። ይሁን እንጂ በጉዞው አንድም የባዮሎጂ ሊቅ አልነበረም፤ የሄዱት የመሬትና የኬሚስትሪ ጠበብት ነበሩ። ናሙና ማቆያ መድኃኒት ስላነሳቸው አንዳንዱን እንስሳ በቮድካ ነከሩት። ያልተሳፈረ ባለሙያ ጥያቄውም አይሳፈርም ማለት ነው።

በቀይ ባሕርም ቀድሞ የተጠየቀው ሕይወቱ ሳይሆን ማዕድኑ ነበር። በ1974 ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ የጋራ ስምምነት አደረጉ፤ በ1979 ዚንክ፣ መዳብና ብር ያለበት ጭቃ ከወለሉ በቧንቧ ተስቦ ተሞከረ። ጭቃው ሲታመስ በውስጡ የሚኖረው ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ የባሕሩ ጎረቤት ሁሉ ጉዳይ ነው።

«ወባና ረሃብ ያልለቀቃት አገር ከባሕር ወለል ምን ትፈልጋለች?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ከጥልቅ ባሕር ትኩስ ምንጮች ከተገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን የተወሰዱ ኢንዛይሞች ዛሬ በላቦራቶሪ ዲ.ኤን.ኤ. ለማባዛት ያገለግላሉ። የበሽታን ዘር መለየት የሚቻለው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ሁለተኛም፣ አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ ቀይ ባሕርን የከፈተው የምድር ስንጥቅ በአፋር በኩል ወደ ምድራችን ይገባል። በዳሎል ትኩስ የጨው ኩሬዎች የሕይወት ወሰን የት እንደሆነ የሚያጠኑ የውጭ አገር ጠበብት ከሩቅ ይመጣሉ። እኛ ደጃፋችን ላይ ያለውን መንገድ ከማሳየት ያለፈ ድርሻ ሊኖረን ይገባል።

የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ባሕር የሌላቸው ጎረቤት አገሮች በጠረፍ አገሮች ባሕር በሚካሄድ ምርምር፣ በተቻለ መጠን፣ በባለሙያዎቻቸው አማካይነት እንዲካፈሉ ይላል። በ2023 የጸደቀው የዓለም አቀፍ ውኃዎች ስምምነትም ከባሕር ሕያዋን የሚገኘው ጥቅም እንዲከፋፈል ይደነግጋል። ነገር ግን ባለሙያ ለሌለው ሕዝብ በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ሥራ ላይ አይውልም።

ስለዚህ ትብብር የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው እንላለን። አንደኛ፣ የአካባቢው ባለሙያ የምርምሩ ጥያቄ ሲነደፍ ይገኝ። ሁለተኛ፣ ከናሙናው ከፊሉ በአካባቢው ላቦራቶሪ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ለአካባቢው ወጣቶች የሥልጠና ቦታ ይያዝ።

በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ በባዮሎጂ፣ በጂኦሎጂና በሕክምና ትምህርት ላይ ያለን አባላት ለቀይ ባሕር ከብዙዎች ይልቅ ቅርብ ነን። ማኅበራችን እነዚህን አባላት በአንድ የጥናት ክበብ ያሰባስብ፤ የሥልጠና በር ያላቸውን የአካባቢውን የምርምር ተቋማት ይጠይቅ። መርከቡ ሲነሣ የሚሳፈር ሰው ዛሬውኑ እናዘጋጅ።