የካምቢዮ ዘይት ጠብታና የመኪናዎቻችን ዕድሜ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ባስታወቀ ጊዜ፤ የብዙ ሰው ጭውውት ስለሚመጡት መኪናዎች ነበር። ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል፤ ኃይል መሙያው የት የት ይተከላል፤ ዋጋውስ የማንን ኪስ ይችላል ተባለ። መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር አብሮ መነሣት ሲገባው እምብዛም ያልተነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አሁን በእጃችን ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡት መኪናዎች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው።

በአገራችን ያሉት ተሽከርካሪዎች ቍጥር ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። ከአውቶሞቢሎቹ የሚበዙት ወደ እኛ የመጡት በሌላ አገር ካገለገሉ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ደግሞ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ ብንመለከታቸው ትርጕማቸው ግልጽ ነው። አሮጌውን መኪና ሸጦ ከውጭ በመጣ ሌላ አሮጌ መኪና መለወጥ ቀርቷል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መለዋወጫም ተወዷል። ስለዚህ ያለውን መኪና አሳምሮ መጠገን የባለቤቱ የግል ጕዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሀብት ጕዳይ ሆኗል።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር አንድ ትንሽ ምሳሌ ይዞ እስከ ሥሩ መመርመር ይሻላልና፤ ዛሬ የምንመለከተው አክስሉ ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ የሚንጠባጠበውን ዘይት ነው። ምሳሌው ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የጥገና ልማዳችንን ከነደካማ ጎኑ የሚያሳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዕቃው ምንድን ነው?

የፊት ጎማዎቻቸው በሞተር ኃይል በሚዞሩ መኪናዎች ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ከዚህ ቤት በግራና በቀኝ ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ፤ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት አክስሎች እነዚህ ናቸው። ዘንጉ መዞር አለበት፤ በውስጥ ያለው ዘይት ግን መውጣት የለበትም። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች የሚያስታርቀው በጋራዥ ቋንቋ ኦይል ሲል የሚባለው ቀለበት ነው። ውጪው ብረት ነው፤ ውስጡ ቀጭን የጎማ ከንፈር አለው፤ ከከንፈሩም ጀርባ ከንፈሩን በዘንጉ ላይ በስሱ የሚያጠብቅ ቀጭን ሞላ አለ።

በአንዳንድ መኪናዎች ከዚህ ኦይል ሲል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቡሺንግ የሚባል ሌላ ቀለበት ይገኛል። ይህ በነሐስ ወይም በሌላ ለስላሳ ብረት የተለበጠ ሲሆን፤ ሥራውም ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ሳይል መሐሉን ጠብቆ እንዲዞር መደገፍ ነው። በሌሎች መኪናዎች ይህንኑ ሥራ ኩሽኔታ ይሠራል። እንደ ቶዮታ ሃይስ ባሉት ከኋላ በሚነዱ መኪናዎች ደግሞ ካርዳኑ ከካምቢዮው ጭራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተመሳሳይ ቡሺንግና ኦይል ሲል አለ።

የእነዚህን ጥቃቅን ዕቃዎች ድካም ለመገመት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ አነስተኛ አውቶሞቢል አክስሏ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል። 10 ሺህ ኪሎ ሜትር በተጓዘች ጊዜም ይኸው ዘንግ በጎማው ከንፈር ውስጥ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ዞሯል ማለት ነው። እንዲህ የሚደክም ዕቃ አንድ ቀን ማለቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ሊያሳስበን የሚገባው ከጊዜው በፊት የሚያልቅበት ምክንያት ነው።

ዘይቱ ለምን ይፈስሳል?

ምክንያቶቹ በዋናነት አራት ናቸው። አንደኛው ዕድሜና ሙቀት ነው፤ የጎማው ከንፈር ይደርቅና እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ ዘንጉንም አቅፎ መያዝ ይሳነዋል። ሁለተኛው አቧራ ነው፤ ከከንፈሩ ሥር የገባ ደቃቅ አሸዋ ዘንጉን እንደ ሞረድ እየፋቀ ቀጭን ቦይ ያወጣበታል። ሦስተኛው የካምቢዮው መተንፈሻ መደፈን ነው። ካምቢዮ በሥራ ላይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ በመተንፈሻው በኩል መውጣት ካልቻለ ዘይቱን በከንፈሩ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቡሺንጉ መበላት ነው። ቡሺንጉ ሲበላ ዘንጉ መሐሉን ይለቅና እየተወዛወዘ ይዞራል። የጎማው ከንፈር የተሠራው ቀጥ ብሎ ለሚዞር ዘንግ ስለሆነ የሚወዛወዘውን ተከትሎ መድረስ አይችልም። በአንድ ወገን ይጨመቃል፤ በሌላው ወገን ይላቀቃል፤ በተላቀቀበትም በኩል ዘይቱ ይወጣል።

የተለመደው ስሕተት ከዚህ ላይ ይጀምራል። ዘይቱ የሚታየው በኦይል ሲሉ በኩል ሲወጣ ስለሆነ ጥፋተኛው እርሱ ይመስላል። መኪናዋ ጋራዥ ትገባለች፤ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል፤ ጠብታውም ለጥቂት ሳምንታት ይቆማል። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ይመለሳል። ባለ መኪናው የገዛውን ዕቃ ይረግማል፤ መካኒኩ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ሦስተኛ ኦይል ሲልም ይገዛል። የተበላው ቡሺንግ ግን ከነበረበት አልተነካም። ይህ አሠራር ግድግዳው ዘሞ በሩ አልገጥም ባለ ጊዜ፤ ግድግዳውን ትቶ በሩን ደጋግሞ እንደ መላግ ያለ ነው።

ጠብታውን መናቅም አያዋጣም። የአንዲት አነስተኛ መኪና ባለ ማርሽ ካምቢዮ የሚይዘው ዘይት ወደ 2 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ግማሽ ሊትር ቢጎድል ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። በሞተር ላይ ዘይት ሲጎድል የሚበራ ቀይ መብራት አለ፤ ካምቢዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ጕድለቱ የሚሰማው ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹ ተፋጭተው መጮኽ ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚለወጠው አንድ ቀለበት ሳይሆን ካምቢዮው በሙሉ ይሆናል። ከኋላ በሚነዱና አክስላቸው በብረት ቤት ውስጥ በሆነ መኪናዎች ደግሞ፤ ከጎማው ጫፍ የሚፈስሰው ዘይት የፍሬኑን ሸራ ሊያርሰው ይችላል። ዘይት የነካው ሸራ ስለማይዝ ነገሩ ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ የሰው ሕይወት አደጋ ይሆናል።

ትክክለኛው አሠራር

መልካም መካኒክ ሥራውን የሚጀምረው በካቻቪቴ ሳይሆን በጨርቅ ነው። የራሰውን ቦታ አጥርቶ ይጠርጋል፤ መኪናዋን ጥቂት ይነዳል፤ ከዚያም ዘይቱ በእርግጥ ከየት እንደሚወጣ ይመለከታል። ከላይ ከሞተሩ የወረደ ዘይት ወይም ከአክስሉ መጋጠሚያ የወጣ ግራሶ የካምቢዮ ዘይት መስሎ ሊያሳስት ይችላልና። መተንፈሻው አለመደፈኑንም በዚሁ ጊዜ ያረጋግጣል።

ቀጥሎ መኪናዋን በደልዳላ ሥፍራ ያቆማል፤ ጎማዎቿን ይደግፋል፤ በክሪክ ካነሣት በኋላም በካቫሌቶ ላይ ያሳርፋታል፤ በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለች መኪና ሥር አይገባም። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያወርዳል። አክስሉን ሲያወጣ ከካምቢዮው አጠገብ ፈልቅቆ ያላቅቀዋል እንጂ ጫፉን ይዞ አይጎትተውም፤ ቢጎትተው የውስጡ መጋጠሚያ ሊለያይ ይችላል።

አሮጌው ኦይል ሲል ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ አለ። ዘንጉን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። ጕልህ ሆኖ የሚሰማ ንቅናቄ ካለ ቡሺንጉ ወይም ኩሽኔታው መመርመር አለበት፤ በመለኪያ መሣሪያ ተለክቶም ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ጋር ይነጻጸራል። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለም አዲሱ የጎማ ከንፈር በዚያ ላይ ሊያርፍ አይገባም።

ቡሺንጉ የሚወጣውና የሚገባው በተገቢው መሣሪያ ነው፤ የዘይት መግቢያ ቀዳዳ ካለውም ከቤቱ ቀዳዳ ጋር ይገጣጠማል። አዲሱ ኦይል ሲል በልኩ በሆነ ቧንቧ መሰል ድጋፍ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል፤ በአንድ ጎኑ በመዶሻ የተመታ እንደ ሆነ ተጣምሞ ገና ከመነሻው ያፈስሳል። የጎማው ከንፈር ዘይት ይቀባል፤ አክስሉም ሲመለስ ጥርሶቹ ከንፈሩን እንዳይቈርጡት በቀጥታና በዝግታ ይገባል። በመጨረሻም ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ዘይት እስከ ተወሰነው ልክ ይሞላል። ለማንኛውም ካምቢዮ ያገኙትን ዘይት መጨመር ሌላ ብልሽት መጋበዝ ነው።

ለወጣት ሹሞችና ለተማሪዎች

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንባቢዎቻችን ሁሉ መካኒክ ይሁኑ ብለን አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ የጥገና መጠየቂያ ላይ የሚፈርሙ ወይም ነገ የሚፈርሙ ናቸው። በዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የተለወጠው ዕቃ ስምና ዋጋ ነው፤ ዕቃው የተበላሸበት ምክንያት ግን አይጻፍም። ምክንያቱ ባልተጻፈበት መዝገብ ውስጥ አንዲት መኪና በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ያንኑ ኦይል ሲል ብትለውጥ እንኳ የሚያስተውል አይኖርም። እያንዳንዱ ወጪ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን የካምቢዮ ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ በመጠየቂያው ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል አንድ መስመር መጨመርና መስመሩ ሳይሞላ አለመፈረም ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መሻሻል ነው።

ሁለተኛው ጕዳይ የመለዋወጫ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገባ ሰው ለአንድ ዕቃ የተለያየ ዋጋ ይነገረዋል። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ቀለበቶች በጎማቸው ዓይነትና በሞላቸው ጥራት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነታቸውም የሚታወቀው ሙቀት ከነካቸው በኋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ውድ በሆነበት ጊዜ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ደጋግሞ ማስገባት ዶላሩን በቀዳዳ ከረጢት እንደ መያዝ ነው። መለዋወጫ በጥራት ደረጃ እየተፈተነ እንዲገባ ማድረግ ለነጋዴውም ለገዢውም ይጠቅማል። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንም ቢሆኑ ትክክለኛው ልክና የብረቱ ዓይነት ከተነገራቸው ቡሺንግ መሥራት አይሳናቸውም።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ያሉ ተማሪዎች ዕቃ ፈትቶ መግጠምን ይማራሉ። ከዚህ ጋር መለካትንና ምክንያት መፈለግን እኩል ሊማሩ ይገባል። መለኪያ የሌለው መካኒክ የሚፈርደው በግምት ነው፤ የግምትም ዕዳ የሚከፈለው በባለ መኪናው ኪስ ነው።

«ታዲያ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ስለ አሮጌው መኪና ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አያስለውጥም፤ ፍሪሲዮንም የለውም፤ የነዳጅ ወጪንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። በመጀመሪያ ነገር ከ1 ሚሊዮን በላይ የሆነ ተሽከርካሪ በአንድ ጀንበር አይለወጥም፤ ገበሬውን ወደ ገበያ፥ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት፥ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ለብዙ ዓመታት ይኸው ያለው ነው። ሁለተኛም የኤሌክትሪክ መኪና ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ ፍጥነቱን የሚቀንስለት የማርሽ ቤት አለው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ዘይት አለ፤ አክስሎቹ በሚወጡበትም ቦታ ኦይል ሲል አለ። ቀለበቷ አዲሱንም መኪና ተከትላ መጥታለች። ምክንያት ሳይፈልግ ዕቃ የሚለውጥ ልማድም ካልታረመ አብሯት ይመጣል።

እንግዲህ መኪናው የግልም ይሁን የመንግሥት፤ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ ወይም ኃላፊው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ዘይቱ በእርግጥ ከየት ነው የሚወጣው? ዘንጉ ይነቃነቃል ወይስ አይነቃነቅም? መተንፈሻውስ ክፍት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ ያለው መካኒክ ቢያገኝ ለሥራው የሚገባውን ዋጋ ሳይቈጭ ይክፈለው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነውና።