ለወሎ ቦረና እናት ሦስት ሰዓት ማን ይስጣት?

አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት መንደሩ ሁሉ «ማርያም ትቅረብሽ» ይላል። በወሎ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም እንደየሃይማኖቱ ይጸልያል፤ ቡና ተፈልቶ ዱአ ይደረጋል። ሕዝቡ የበኩሉን አላጓደለም። ያጓደለ ካለ ሆስፒታሉን፣ ደሙን፣ መድኃኒቱንና መንገዱን በእጁ የያዘው አካል ነው። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የሚናገረው ለእሱ ነው።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ቦረና ስንል የወሎውን ማለታችን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከተማዋ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከለላና ለጋምቦ አካባቢዋ ናቸው። አገሩ ደጋ ቢባልም ጫፉ የአባይና የበሽሎ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ምጥ የጠናባትን ሴት ቃሬዛ ላይ አስተኝቶ፣ እየተቀባበለ ዳገቱን የሚወጣው የቅሬው ጎረምሳ ነው። ያው ሬሳ የሚሸኘው ቅሬ! ስንቱ ቃሬዛ ነው ነፍስ ይዞ ወጥቶ አስከሬን ይዞ የተመለሰው?

እናቶቻችንን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው። ልጁ ተወልዶ፣ እልልታው ተሰምቶ፣ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማኅፀን እንደሚገባው ካልተኮማተረ ደሙ አይቆምም። ጠዋት ደህና የነበረች ሴት ማታ ትቀበራለች። ይህን ደም ለማቆም ከሚረዱት መድኃኒቶች አንዱ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። ዋጋው ርካሽ ነው። ታሪኩ ግን የሴቶች ሕክምና በዓለም ላይ ምን ያህል የእንጀራ ልጅ ሆኖ እንደኖረ ቁልጭ አድርጎ ያሳያልና እስቲ አንባቢ ይስማው።

መድኃኒቱን ያገኙት ጃፓናዊቷ ሐኪም ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው ናቸው። ጃፓን በጦርነት ደቅቃ ስለነበር የምርምር ገንዘብ አልነበረም። ባልና ሚስት ደምን ለማጥናት የመረጡት «ሌላው ቢጠፋ ከራሳችን ክንድ እንቀዳለን» በሚል ነው። ኦካሞቶ ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ልክ እንደኛ አገር እናት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተሙ። ምኞታቸው መድኃኒቱ በወሊድ ለሚደሙ ሴቶች እንዲውል ነበር። በኮቤ ከተማ የነበሩትን የማኅፀን ሐኪሞች «እባካችሁ ሞክሩት» ብለው ቢጠይቁ ወይ ፍንክች አሉ!

ከዚያስ? መድኃኒቱ ደማቸው አልቆም ለሚል ጥርስ ተነቃዮችና ለልብ ቀዶ ሕክምና ዋለ። በአደጋ በቆሰሉ ሰዎች ላይ በ40 አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ከ20 ሺህ ከሚበልጡት ቁስለኞች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። የጦር ሠራዊቶችም ተቀበሉት። የወላዶቹ ተራ የደረሰው በመጨረሻ ነው። በ21 አገሮች፣ በ193 ሆስፒታሎች፣ በ20,060 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መድኃኒቱ በተገኘ በ55 ዓመቱ መሆኑ ነው! ኦካሞቶ ውጤቱን ሳያዩ ከአንድ ዓመት በፊት በ98 ዓመታቸው አረፉ። ለቆሰለ ወንድ የተገኘው ጊዜ ለምትደማ እናት ለምን ታጣ? መልሱን ጠይቀን ሳይሆን አይተን እናውቀዋለን።

ይህ የአንድ መድኃኒት ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1977 መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲገለሉ መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። የኮቪድ ክትባት በ2020 ሲሞከርም ነፍሰ ጡሮች መጀመሪያ ወደ ጎን ተደርገዋል። «ለደኅንነታቸው ሲባል ነው» ይላሉ። ይሁን። ነገር ግን ሳትጠና የቀረች ሴት መታመሟ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሐኪሟ የሚያክማት በግምት ነው።

ወደ ቦረና እንመለስ። የ2017ቱ ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አስተምሯል። መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከሦስት ሰዓት ካለፈ ግን ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ ነገሩ የመድኃኒት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ጥያቄ ሆነ። ከአባይ ገደል ሥር ተነሥቶ፣ በክረምት ጭቃ፣ በጨለማ፣ በሰው ትከሻ ለሚመጣ ሰው ሦስት ሰዓት ምን አላት?

የጤና ባለሙያዎች እናት የሚገድሉ «ሦስት መዘግየቶች» አሉ ይላሉ። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው። ባል ገበያ ሄዷል፤ አማት «እኔ ስወልድ ማን ሐኪም ነበረኝ?» ትላለች፤ የምትደማዋ ሴት ግን በገዛ ደሟ ላይ ድምፅ የላትም። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ነው፤ መብራት ሄዷል፣ ደም የለም፣ ባለሙያው የለም። ማኅፀን የሚያኮማትረው የኦክሲቶሲን መርፌ እንኳ ፍሪጅ ይፈልጋል። መንግሥት የሚወደው ስለ መጀመሪያው መዘግየት ማውራት ነው። «ግንዛቤ ይጎድላል» እያለ ገበሬውን ሲወቅስ ይውላል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ሁለተኛውና ሦስተኛው የማን ናቸው?

ቁጥርም እንጥቀስ፤ ሐቁን መካድ የእኛ ልማድ አይደለምና። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 412 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ለ2020 እ.ኤ.አ. የሰጡት ግምት ደግሞ 267 ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሴቶች ናቸው፣ በትንሽ ደመወዝ ያመጡት ነው። ምስጋናው ለነሱ ይሁን።

ታዲያ እነዚህ የሞት ቁጥሮች ከየት እንደሚመጡ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከመዝገብ የተለቀሙ አይደሉም። ጠያቂዎች ቤት ለቤት ዞረው ሴቶችን «እህት ነበረችሽ? ሞታለች? ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች ወይስ አራስ?» እያሉ ያሰባሰቡት ነው። የሞተችው ሴት በመንግሥት ፊት የምትኖረው በእህቷ ትዝታ ነው! እህት የሌላትስ? ከዚህ የወጣውም ቁጥር አገር አቀፍ ነው፤ የቦረናን ወይም የሳይንትን ለብቻ አይናገርም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም ወጥቶ ሥራው በ2008 ዓ.ም ተጀመረ። ሆኖም ገደል ሥር የተቀበረችን አራስ ማን ወጥቶ ያስመዘግባታል? ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ምርምርም የሚያጠናው ሆስፒታል የደረሰችውን ነው። መንገድ ላይ የቀረችው በጥናቱም ውስጥ የለችም። ያልተቆጠረች እናት ደግሞ በጀት አይያዝላትም።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም የሕወሓት ኃይሎች ደሴን በያዙበት ጊዜ የአካባቢው ሪፈር መድረሻ የነበረው የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል መንገድ የተኩስ ሜዳ ሆነ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ ወገል ጤና ከተማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። አምቡላንስ! ከዚህ ወዲያ በየትኛው ሌሊት ነው ሾፌሩ ተነሥቶ ወደ ቀበሌ የሚወርደው? ምጥ የኬላ ሰዓት አያውቅም፤ ሰዓት እላፊም አያከብርም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሰማይ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድና ኦክሲቶሲን ከሆስፒታል ወርደው እናቲቱ በሦስት ሰዓት ልትደርስበት በምትችለው ጤና ጣቢያ፣ መስጠት ከሚችል አዋላጅ ጋር፣ ሌት ተቀን ይገኙ። በመካነ ሰላም ሆስፒታል እኩለ ሌሊት ላይ ደምና ቀዶ ሐኪም ይገኛል ወይ? የሚመለከተው ክፍል ለሕዝብ በአደባባይ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ መንግሥትም የታጠቁትም ወገኖች ወላድ የጫነ መኪና ያሳልፉ። አምቡላንስ የጦር መኪና አይደለም፤ አዋላጅም የማንም ሰላይ አይደለችም። «ለሕዝብ ነው የምንዋጋው» የሚል ሁሉ ሕዝብ የምትወልደዋን ያሳልፍ!

ሦስተኛ፣ የሞተች ትቆጠር። ቅሬው የቀበረውን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያውቃል። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና የደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቻቸውን ወደ ገደሉ ሥር ያውርዱ። ከቅሬ ዳኛው ጋር ተቀምጠው የአንድ ዓመት ቀብር ቢቆጥሩ ለቦረና ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል።

ኦካሞቶ መድኃኒቱን ካገኙ በኋላ የዓለም ሴቶች 55 ዓመት ጠብቀዋል። የቦረናዋ እናት አሁን የምትጠይቀው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። እሱንም ከነፈግናት «ማርያም ትቅረብሽ» ማለታችንን እንተወው፤ አፋችን ከሚያላግጥ ዝም ቢል ይሻላል።