ለምዕራብ ዓባያ ወረዳ ምክር ቤት አባላት፦ በመስቀል ማታ ዕድሜ ይጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

በዓል በመጣ ቁጥር «መጠጥ ቤቶች ይዘጉ» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔ ግን የምለምናችሁ አዲስ ክልከላ እንድታወጡ ሳይሆን ያለውን ሕግ እንድታስከብሩ ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይኸው አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። የዕድሜው ድንጋጌ ግን ከተማችን ብርብር የደረሰ አይመስልም። መስከረም 16 ማታ፣ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ፣ አስፋልቱ ዳር ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱ በረንዳ ላይ ጥቂት ቆዩ። ሙዝ ሲጭን የሰነበተ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የላቡን ብር ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል። አስተናጋጇ ቢራውን ትከፍትለታለች እንጂ «ስንት ዓመትህ ነው?» አትለውም። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ለሦስት አንድ ሞተር ላይ ተፈናጠው ወደ ሶዶ አርባ ምንጭ መንገድ ይወጣሉ፤ አይሱዙው በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚከንፍ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ግን ክልከላ አይደለም፤ ጋሞ ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል። ቦርዴውን ከበዓሉ ገበታ ላይ ደንብ አውጥቶ ማንሳት የሚችል ምክር ቤት ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ይከልከል ከተባለም መጀመሪያ የሚወረሰው አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታስተምር እናት ጀሪካን ነው፤ ቢራ በሳጥን የሚያራግፈው ነጋዴ የጓሮ በር አያጣም። ደግሞም ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ አብረው በሚኖሩበት ወረዳ የአንዱን በዓል በፖሊስ ማስከበር ለበዓሉ ክብር አይጨምርለትም። አየርላንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1927 ጀምሮ በስቅለት ዕለት መጠጥ ቤቶቿን ስታስዘጋ ኖራ በ2018 ሕጉን ሽራለች፤ ሰዉ ሐሙስ ዕለት ሸምቶ ቤቱ ይጠጣ ነበር።

ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባለ ንግድ ፈቃዶቹን ሰብስቡና ሕጉን አስነብቧቸው። የበዓሉ ማታ የቁጥጥር ባለሙያው ዕረፍት ላይ እንዳይሆን ተረኛ መድቡ፤ ዕድሜ ሳይጠይቅ የሸጠ ይቀጣ። ሽማግሌዎቻችንንም ጥሩ። መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ ርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን የመለሱ የጋሞ አባቶች ቃል ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይሰማል።

ከመካከላችሁ መጠጥ ቤት ያለው ወይም ለመጠጥ ቤት ቤቱን ያከራየ ካለ፣ ቁጥጥሩ ከእሱ በር ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር፣
የብርብር ነዋሪ