ገበና የአንድ ሰው አይደለም

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?»

ማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚሰበስበው መረጃ ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ይኸው ነው። ንጽሕናን የሚያስመሰክር ይመስላል። እኔ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ፤ አሳልፈን የምንሰጠው የራሳችንን ብቻ አይደለምና።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ አፕ ስጭን ኮንታክቴን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ። «እሺ» የምትለዋን ነካ አድርጌ አለፍኩ። በዚያች ቅጽበት የማንን ቁጥር አስረከብኩ? «እማዬ» ብዬ የመዘገብኳትን እናቴን፣ «ነፍስ አባት» ያልኳቸውን፣ «የስኳር ሐኪም»፣ «እቁብ ሰብሳቢ»፣ «አከራይ»። እናቴ እስከ ዛሬ የምትይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት ከፍታ አታውቅም። ግን ቁጥሯ ከእኔም፣ ከእህቴም፣ ከጎረቤትም ስልክ ከተለቀመ፣ የማን እናት እንደሆነች ለማወቅ እሷን መጠየቅ ምን ያደርጋል? እኛው ነግረናቸዋል።

ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ማርክ ዘከርበርግ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ፌስቡክ ካልተመዘገቡ ሰዎችም መረጃ እንደሚሰበስብ አምኗል። «ለደኅንነት ነው» አለ። በዚያው ዓመት የፈነዳውን የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይም አስታውሱ። የስብዕና መጠይቅ የያዘውን አፕ የጫኑት 270 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ። መረጃቸው አላግባብ የተላለፈው ግን፣ በፌስቡክ በራሱ ግምት፣ እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የእነዚህን ሁሉ በር ሰብሮ የገባ ሃከር አልነበረም። የተከፈተው በጓደኞቻቸው «እሺ» ነው።

«ፕራይቬሲ»ን «የግል ምስጢር» ብለን መተርጎማችን ሳያሳስተን አልቀረም። የግል ሲባል እንደፈለግኩ የማደርገው ይመስላል። እናቶቻችን ግን የተሻለ ቃል ነበራቸው፤ ገበና። ገበና የቤት ነው። የአባት ዕዳ፣ የልጅ ሕመም፣ ባዶ ሌማት፣ ሁሉም አብሮ ይሸፍነዋል እንጂ አንዱ ተነሥቶ ለመንገደኛ አይዘረግፈውም። የዘረገፈም «እኔ የምደብቀው የለኝም» ብሎ አያመልጥም።

ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ እየጫንኩ አይደለም። «እሺ»ን ደማቅ፣ «አይሆንም»ን ደብዛዛ አድርገው የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በእኔ ፈቃድ የእናቴን የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። አገልግሎቱ በነጻ ነው ይሉናል፤ የሚከብሩት ግን ስለ እኛ ባወቁት ልክ ማስታወቂያ እየሸጡ ነው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ደግ አደረገች። ግን አዋጅ እያንዳንዳችን አጠገብ ቆሞ ጣታችንን አይዝልንም።

በቅርቡ ነገሩን ለእናቴ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ ልጄ፣ እኔን ሳታስፈቅደኝ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እናንተም ካላችሁ ንገሩኝ። ከሌላችሁ ግን ዛሬውኑ ስልካችሁን ክፈቱ፣ ሴቲንግ ግቡና የኮንታክት ፈቃዱን ዝጉት። የተወሰደውን አይመልስም። ነገ የምትመዘግቡትን ሰው ግን ያተርፋል።